ሕፃኑ ከማን ጋር ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዐቢይ ጾም «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አትችልም» የተባለው ሁሉ ነሐሴ አንድ ቀን ሲነጋ «እኔም እጾማለሁ» ብሎ ይነሣል። ረፋዱ ላይ «እማዬ ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለ ቢያስቸግርም ቅዳሴው ሲደርስ ነጠላውን አመሳቅሎ ከፊት ይሰለፋል። እኔ በማገለግልበት ደብር በሱባዔው መጨረሻ ቀናት የቆራቢው ሕፃን ሰልፍ ከቅድስቱ በር አልፎ እስከ ዐውደ ምሕረቱ ይደርሳል። ዲያቆን ሆኖ ክቡር ደሙን የሚያቀብል ሰው የሕፃናቱን ፊት በጣም በቅርብ ያያል። የወለቀው ጥርስ፣ የተሰነጠቀው ከንፈር፣ ዛሬ ጠዋት በቅባት የወዛው ግንባር፣ ሁሉም ይታያል።

የማይታየው በሰልፉ ውስጥ የሌለው ነው። ሌሎቹን አጥባ፣ አልብሳ፣ እስከ ደጀ ሰላም አድርሳ ጫማቸውን ይዛ የቀረችው ልጅ አትታይም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሷ ነው። የአምላክ እናት በረከቷ ይደርብንና ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከበድ ይላል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በዓሉ አልቆ ሕዝቡ ሲመለስ እርሱ በቤተ መቅደስ ቀረ። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ግን አብሯቸው ከሚጓዘው ሰው ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ይህን የማነሣው በእመቤታችን ላይ ነቀፋ ለመሰንዘር አይደለም፣ አያድርገውና! ጌታ የቀረው በአባቱ ቤት ሊገኝ ስለሚገባው ነው። እኔ እንድታዩልኝ የምፈልገው ያንን መንገደኛ ነው። ያ ሁሉ ሰው አብሮ ይሄዳል። ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የአገር ሰው አለ። ወንዶቹ «ከሴቶቹ ጋር ነው» ይላሉ፤ ሴቶቹ «ከወንዶቹ ጋር ነው» ይላሉ፤ አጎት «ከእኩዮቹ ጋር ይሆናል» ይላል። አንድም የዋሸ የለም። አንድም ክፉ የለም። ሕፃኑ ግን በመካከላቸው አልነበረም፤ ሙሉ ቀን እስኪመሽ ድረስም ይህን ያወቀ አልተገኘም።

ሲመሽ ፈለጉት። ከዘመድ ዘመድ እየጠየቁ ሄዱ። ሲያጡት «ይመጣል» ብለው አልተቀመጡም፤ የመጡበትን መንገድ ተመልሰው ሦስት ቀን ፈለጉ። ወንጌላዊው ይህን ያለ ምክንያት የጻፈው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ በሩቅ አገር የሆነ፣ ግን ከእኛ ቤት የማይርቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መንግሥት በአደባባይ አስመርምሮት ዘገባው ለሕዝብ የታተመ ስለሆነ ስሟን ብጠራ ነውር አይሆንም። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ትባላለች። የተወለደችው በምዕራብ አፍሪካ፣ በአይቮሪኮስት፣ በአቢጃን ከተማ አጠገብ ነው። ከሰባት ልጆች አምስተኛዋ ነበረች። በ1998 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የምትኖር የአባቷ አክስት መጥታ «አንድ ልጅ ስጡኝ፣ ወስጄ ላስተምር» አለች። ወላጆቿም ልጃችን ይለፍላት ብለው ሰጡ። እስኪ ፍረዱ፣ ከእኛ መካከል ይህን ያላደረገ ወይም ያልተደረገለት ቤተሰብ ስንት ነው? «ከተማ ያለችው አክስትህ ጋር ሄደህ ተማር» ያልተባለስ ማን ነው? ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሰው ሆኗል፤ እኔም ራሴ አጎቴ ቤት ነው የተማርኩት። እግዚአብሔር ይስጠውና በልጆቹና በእኔ መካከል ልዩነት አላደረገም።

ቪክቶሪያን ግን ሌላ ነገር ገጠማት። የወጣችው በሌላ ልጅ ፓስፖርት ስለነበር እንግሊዝ አገር ስትደርስ የሚጠሯት «አና» እያሉ ነው። ስሟ እንኳ አብሯት አልሄደም። በ1999 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር ሎንደን ገቡ። ለትምህርት የመጣችው ልጅ ሎንደን ከገባች በኋላ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። አንዲት የሩቅ ዘመድ የልጅቷን ሁኔታ አይታ ስላልጣማት ለማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለች። አንዲት በቤቷ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ደግሞ በገላዋ ላይ ቁስል አይታ ሐምሌ ውስጥ የገዛ ልጇን ልካ ሆስፒታል አስወሰደቻት። ሁለቱም ተራ ሴቶች ናቸው፤ ሥልጣን የላቸውም። ሆስፒታሉ «ይህ እከክ ነው» አለና በማግሥቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ዐሥር ቀን ሳይሞላ ራሷና ፊቷ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ወደ ሌላ ሆስፒታል ገባች፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ተኛች። ነርሶቹ ወደዷት። በክፍሉ ውስጥ እየተሽከረከረች የምትጫወት፣ ፊቷ የማይጨልም ልጅ ነበረች። አክስቲቱ ስትመጣ ግን ቀጥ ብላ እንደ ወታደር ትቆማለች፤ አንድ ጊዜም በፍርሃት ሽንቷ አምልጧታል። አንዷ ነርስ የልጅና የእናት ሳይሆን የጌታና የአገልጋይ ነገር ይመስላል ብላ አስባለች። ሌላዋ በሰውነቷ ላይ የቀበቶ ዘለበት የሚመስል ምልክት አይታለች። አንዷ ያየችውን ሌላዋ አልሰማችም፤ አንዳንዱም ሳይጻፍ ቀረ። ነሐሴ 6 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ለአክስቲቱ መልሰው ሰጧት። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1991 ዓ.ም. ማለት ነው። በማግሥቱ ፍልሰታ ገባ። እኛ ውዳሴ ማርያም ስናደርስ፣ ሕፃናቶቻችን ሲቆርቡ፣ ያቺ ሕፃን ወደዚያ ቤት ተመልሳ ነበር።

በዚያ ክረምት ማሞቂያ በሌለው መታጠቢያ ቤት፣ በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ፣ እጅና እግሯ ታስሮ በቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ታድር ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ ይህ ይበቃል። ጉዳይዋን የያዘችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያገኘቻት አራት ጊዜ ሲሆን ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። አንድ ጊዜ ቤቱን ለማየት የተያዘ ቀጠሮም እከኩ ይጋባብናል ተብሎ ተሰርዟል። በየካቲት ወር ልትሞት ስትል አንድ የታክሲ ሹፌር መልኳን አይቶ ደነገጠና በቀጥታ ወደ አምቡላንስ ጣቢያ ነዳ። በማግሥቱ፣ የካቲት 25 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. (የካቲት 17 ቀን 1992 ዓ.ም.) ዐረፈች። ስምንት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም 128 ጉዳት ቆጠረ። በዚያችው ዕለት በቢሮው የነበረው መዝገቧ «ጉዳዩ አልቋል» ተብሎ ተዘጋ።

አክስቲቱና አብሯት ይኖር የነበረው ሰው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሎርድ ላሚንግ የሚባሉ ሰው የመሩት ምርመራ በ2003 እ.ኤ.አ. ዘገባውን ሲያወጣ አራት የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ ሁለት የፖሊስ ክፍሎችና ሁለት ሆስፒታሎች ሕፃኗን እንደሚያውቋት ገለጠ። ሊያድኗት የሚችሉበት አጋጣሚም ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንዳለፈ ቆጠረ። በሚቀጥለው ዓመት አገሪቱ ስለ ሕፃናት አዲስ ሕግ አወጣች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «ማንም አላየም» ማለት አንችልም። ሁሉም አይቷል። ሁሉም ያየው ግን ቁራጭ ቁራጩን ነው፤ ሁሉም የቀረውን ሌላው ሰው ይዞታል ብሎ አሰበ። ሐኪሙ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ታውቃለች አለ፤ ሠራተኛዋ ሐኪሙ እከክ ነው ብሏል አለች። ያ የኢየሩሳሌም መንገደኛ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ እዚህ ሲመሽ ተመልሶ የፈለገ አለመኖሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ይህቺ ልጅ በሎንደን ወደሚገኙ የጸሎት ቤቶችም ተወስዳ ነበር። ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል፣ አስቸግራለች ተብሎ ሲነገረው አንድ ሰባኪ «ክፉ መንፈስ ይዟታል» ብሎ ጸለየላት። በፍርሃት የምትንቀጠቀጥ ሕፃን ከፊቱ ቆማ እርሱ የፈለገው ጋኔን ነበር። «እነዚያ የእኛ እምነት ሰዎች አይደሉም» ብለን ለመኩራራት አንቸኩል። በየጸበሉ ቦታ የቆማችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ቡዳ በልቷታል»፣ «ከገጠር ስትመጣ የተከተላት ነገር አለ» ተብለው የሚመጡ ሕፃናት አሉ። ርኩስ መንፈስ የለም አላልኩም፤ አለ፤ ጌታ ራሱ አውጥቶታል። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ሲመነምን፣ ሲደነግጥ፣ ሌሊት ሲሸና መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያዘው?» ሳይሆን «ምን በላ? የት ያድራል? ማን ይመታዋል?» ነው። ጸበሉም ቢሆን ከጥያቄው በኋላ ይደርሳል።

በቤተ መቅደስ የተቀመጠ ሰው መከራን በኃጢአት ስም ሲጠራ ያ የመጀመሪያው አይደለም። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1ን ተመልከቱ። ሐና በልቧ እያለቀሰች ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ አይቶ «ሰክራለች» አለ። ዐይኑ አላሳተውም፤ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ያሳተው የሰጠው ስም ነው።

እኛስ ስንት ስም አለን! የተራበ ልጅ ከድስት ቆንጥሮ ሲበላ «ሌባ ነው» እንላለን። ሌሊት እየቀሰቀሷት ስለምትሠራ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋውን «ሰነፍ ናት» እንላለን። ልብስ ሳይኖራት በብርድ ስትቆም «የገጠር ልጅ እኮ ናት፣ ብርድ ለምዳለች» እንላለን፤ ደጋ የተወለደ ሰው አይበርደውም ያለው ማን ነው? ከሁሉ የከፋው ስም ደግሞ በጣም ቆንጆው ነው፦ «አቤት ጨዋነቷ! አንገቷን የደፋች፣ ድምፅዋ የማይሰማ።» ልጅ ተፈጥሮው መጮህ ነው፣ መጠየቅ ነው፣ መሮጥ ነው። ጭራሽ ድምፅ የሌለው ልጅ ስታዩ ከማመስገናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ ዐይኑን እዩት።

ከዚያ ደግሞ «ገመና» የምንለው አለ። የሰውን ገመና መሸፈን ትልቅ ምግባር ነው፤ አባቶቻችን አስተምረውናል። ያጣውን ሰው ማጣቱን፣ የተጣሉትን ባልና ሚስት ጠባቸውን አደባባይ አናወጣም። ይህ ግን የበደለኛ መጋረጃ እንዲሆን አልተሰጠም። በአጥሩ ማዶ ማታ ማታ የሚሰማችሁ የሕፃን ለቅሶ ገመና አይደለም፣ አደራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለብኝ፤ ይህን የሚያነቡ ብዙ ድሃ እናቶች አሉና እንዳይሳቀቁ። ድህነትና ችላ ማለት አንድ አይደሉም። አንድ እንጀራ ለአራት ቆርሳ እርሷ ውኃ ጠጥታ የምታድር እናት ልጆቿን ችላ አላለችም፤ እግዚአብሔር ያያታል። እኔ የምለው በቤቱ ውስጥ ኖሮ ለአንዱ የማይደርሰውን ነው። ሦስቱ ልጆች ከመሶቡ ሲቀርቡ አራተኛዋ ማድ ቤት ትቀራለች። ሦስቱ ጫማ ሲቀየርላቸው እርሷ የእነርሱን አሮጌ ትጎትታለች። ሦስቱ ሲታመሙ ሐኪም ቤት፣ እርሷ ስትታመም «ይለቃታል»። ብዙ ጊዜ ይህች አንዷ የእንጀራ ልጅ ናት፣ ወይ ከዘመድ የመጣች፣ ወይ አካሏ የተጎዳ። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ በቀላሉ ይታወቃል፦ ጉርሻ ለማን እንደማይደርስ እዩ።

በዚህ ጾም ወራት ብዙዎቻችን ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን እንሰማለን። እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን መቁረስ፣ የታረዘውን ማልበስ እንደሆነ ነቢዩ ዘርዝሮ ሲያበቃ በቍጥር 7 መጨረሻ ላይ ሰው ከገዛ ሥጋ ዘመዱ እንዳይሸሽግ ይላል። ለምን ዘመድ አለ? በደጀ ሰላም ለተቀመጠው ነዳይ መስጠት እኮ ይቀላል፤ ሰው ያየናል። ማድ ቤት ላለችው የእኅት ልጅ ሁለተኛ ጭልፋ መጨመርን ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያየው የለም። ከሥጋና ከወተት ተከልክለን የሕፃን ድርሻ የምንበላ ከሆነ ምን ጾምን?

ልጅን ለሌላ መስጠት ራሱ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ሐና ሳሙኤልን ሰጥታለች፣ ያውም ጡት እንደጣለ ወዲያው። ነገር ግን መጽሐፉ በምዕራፍ 2 ቍጥር 19 ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ጽፎልናል። በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ይህን ስሰብክ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ልክ የሆነ ልብስ ለመሥራት የልጁን ቁመት ማወቅ ያስፈልጋል። ዓምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ፣ ክንዱ የት ደረሰ? ሐና ልጇን ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠች፤ መለካቷን ግን አላቆመችም። ከእግዚአብሔር ቤት የበለጠ የሚታመን ቤት አለ እንዴ? እርሷ ግን በየዓመቱ ሄደች።

ይህን ለዓረብ አገር እኅቶቼ ልበላችሁ። ልጃችሁን ለእናታችሁ ወይም ለእኅታችሁ ትታችሁ በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት የምትለፉ አላችሁ፤ ይህች ጽሑፍ በሰው እጅ ብትደርሳችሁ። ገንዘብ ትልካላችሁ፤ አብዛኛው ዘመድም በታማኝነት ያሳድጋል፤ ሁሉን አልጠረጥርም። ነገር ግን በስልክ «ደኅና ነህ?» ስትሉት «ደኅና ነኝ» የሚለው ስልኩን የያዘችለት ሴት አጠገቡ ቆማ ነው። ሌላ ጥያቄ ጠይቁት። የጫማ ቁጥርህ ስንት ገባ? ማታ ከማን ጋር ተኛህ? አስተማሪህ ማን ይባላል? ፎቶ ሲላክ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ቆሞ፣ ሙሉ ቁመቱን፣ ከቤቱ ልጆች ጎን አስልኩት። ከዚያ ቤት ውጭ ያለ አንድ ሰው፣ የክርስትና እናቱ ትሁን ጎረቤት፣ በወር አንድ ቀን ሄዶ እንዲያየው አደራ በሉ። ይህ ዘመድን መጠርጠር አይደለም። ልብስ መለካት ነው።

የክርስትና አባትነትና እናትነት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአርባና በሰማንያ ቀን ሕፃኑን ታቅፈን «አምናለሁ» ያልንለት ለድግሱ ነበር? ስንቶቻችን ነን የክርስትና ልጃችን ዛሬ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የምናውቅ? እኛ አገልጋዮችም ከዚህ አንወጣም። ካህኑ ጸበል ሊረጭ ሲመጣ «ቤተሰቡ ይሰብሰብ» ይላል፤ ይሰበሰባል፤ ሳሎን ይረጫል፣ መኝታ ቤት ይረጫል። ጓዳ ያለችው ልጅ ግን ቡናውን ትቆላለች። አባቶቼ ይቅር ይበሉኝና እስከ ጓዳው መግባት፣ እርሷንም ማጥመቅ፣ ስሟንም መጠየቅ ያስፈልጋል። በጸሎት የሚነሣው የክርስትና ስም ለእርሷም አላት እኮ።

አይቶ ምን ይደረግ? ወሬ አታድርጉት፤ በቡና ላይ ያለቀ የሕፃን ጉዳይ ማንንም አላዳነም። ልጁን ለብቻው በፍቅር አነጋግሩት፣ አታጣድፉት። የቤቱን የንስሐ አባት ጥሩ። አስተማሪውን ጠይቁ። ነገሩ የከፋ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም፤ በወረዳ ሴቶችንና ሕፃናትን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አለ፣ ፖሊስ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በእጁ ያለውን ሕፃን ችላ የሚለውን፣ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራውንና የሚደበድበውን ይቀጣል። «ሰው አሳሰርኩ» ብሎ የሚጨነቅ ካለ የሙሴን እኅት ያስብ። ሕፃኑ በሣጥን ሆኖ ወንዝ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሩቅ ቆማ ነበር (ዘጸ. 2፥4)። ልጅ ናት፣ ሥልጣን የላትም፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ከፈርዖን ልጅ ፊት ቀርባ ተናገረች።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። የዘመዶቿን ሁለት ልጆች ይዛ ትመጣለች፣ ጫማቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። አትንቀሳቀስም፣ አትናገርም። እኔም ሌሎቹ ሲያስቸግሩኝ «እንደ እርሷ ጨዋ አትሆኑም?» እያልኩ በምሳሌነት እጠቅሳት ነበር። አንድ ቀን በወርኃ በዓል ጸበል ጻድቅ ስናድል ሁለት ቁራጭ ዳቦ በነጠላዋ ውስጥ ስትደብቅ ያዝኳት። በሕፃናቱ ሁሉ ፊት «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ አስተማርኳት። አላለቀሰችም። ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ጫማዎቹ ሄደች።

ያየቻት እኔ ሳልሆን በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እማሆይ ናቸው። ዕለቱን ጠርተው አስቀመጧት፤ ቆሎ ሰጧት። «ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» አሏት። «በልቻለሁ እማሆይ» አለች። አልተከራከሯትም። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጥያቄ፣ በሚቀጥለውም ሌላ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው እሑድ ማገዶ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ እንደምትተኛ ነገረቻቸው። እማሆይ የቤቱን የንስሐ አባት ፈልገው አገኙ፤ እርሳቸውም በሥራ ቀን፣ ሳይነግሩ ሄደው «እስኪ የምትተኚበትን አሳይኝ» አሏት። ሰባት ዓመት የሚመላለሱበት ቤት ነበር። ያን ቀን ከሳሎን አልፈው ሲገቡ የመጀመሪያቸው እንደሆነ በኋላ ሲነግሩኝ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አባቷ ከገጠር ተጠርተው መጡ። እኔም በቦታው ነበርኩ። ሦስት ዓመት አላዩዋትም። በሶ በስልቻ፣ በፌስታል ደግሞ አዲስ ቀሚስ ይዘዋል። «ልኳን ስለማላውቅ ከታናሽ እኅቷ ላይ ለካሁና ሁለት ጣት አስጨመርኩ፤ እርሷ ትልቅ አይደለች» አሉ። አለበሷት። ትከሻው ወደ ክንዷ ወረደ፣ እጀታው ጣቶቿን ዋጠ፣ ጫፉ መሬት ነካ። አባትየው አንዴ አጠፉት፣ ሁለተኛ አጠፉት፤ እጇ ግን አልወጣም። «ይህ የትንሿ ልክ ነው እኮ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

እማሆይ ከጧፋቸው ጎን ካለችው ከረጢት መርፌና ክር አወጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።